በስለላ ፊልሞች መክፈቻ ላይ የሚታየው አደጋና የማይታየው ስሌት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ከወትሮው የሙያ ጽሑፎች ወጣ ያለ ርእስ ይዤ እንድቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ስለላ ፊልሞች፣ ይልቁንም ስለ መክፈቻ ትዕይንቶቻቸው ለመናገር መረጥሁ። ከእናንተ መካከል «ይህ ነገር ከኮንክሪትና ከብረት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ራሴ ግንኙነቱን ለመረዳት ብዙ ዓመታት ወስዶብኛል። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ክፍሉ ጠባብ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ መደገፊያ የሌላቸው፣ መስኮቱም በብርድ ልብስ የተጋረደ ነበር። ሳንቲማችንን ከፍለን የምንገባው ልጆች ሁላችንም አንድ ነገር እናውቅ ነበር፤ ይኸውም የጄምስ ቦንድ ፊልም በሚታይበት ቀን ዘግይቶ የደረሰ ሰው የከፈለው ገንዘብ ግማሹ እንደ ባከነ ይቆጠራል። የፊልሙ መካከል በማንረዳው ቋንቋ የሚካሄድ ረጅም ንግግር የሚበዛበት ስለ ነበረ አንዳንዶቻችን እናንቀላፋ ነበር። መክፈቻው ግን አስተርጓሚ አያሻውም። አንድ ሰው ይሮጣል፣ ይባረራል፣ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል፣ ይዘላል። ይኸው ነው።

ከቪዲዮ ቤቱ ከወጣን በኋላ የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እውነት ዘሎ ነው ወይስ እያታለሉን ነው?» ግማሹ «እውነት ነው» ብሎ ይምላል፤ ግማሹ «ይኼ የካሜራ ሥራ ነው» ብሎ ይስቃል። ክርክሩ አንድም ቀን እልባት አግኝቶ አያውቅም። በኋላ ምሕንድስና ተምሬ ስለ እነዚህ ፊልሞች አሠራር ባነበብሁ ጊዜ ግን መልሱ ሁለቱም ወገኖች ካሰቡት የተለየ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

በአገራችን ልማድ ሰው ገንዘብ ሲበደር ዋስ ይጠራል። አበዳሪው ተበዳሪውን ባያውቀውም ዋሱን ካወቀና ካመነ ገንዘቡን ይሰጣል። የስለላ ፊልም መክፈቻ ትዕይንትም ለቀሪው ፊልም የሚጠራ ዋስ ነው። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ በሚመጡት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ብዙ የማይታመን ነገር ይነገረዋል። ያን ሁሉ በትዕግሥት ለመቀበል፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚታመን ነገር በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

ልማዱ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1962 የወጣው የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም «ዶክተር ኖ» ከርእሱ በፊት የሚታይ ትዕይንት አልነበረውም። በሁለተኛው፣ ማለትም በ1963ቱ «ከሩሲያ ከፍቅር ጋር» ግን፣ የሥራ ባልደረቦቹ ስም ከመዘርዘሩ በፊት ቦንድን የሚመስል ሰው በሌሊት በአንድ የአትክልት ቦታ ሲታደንና ሲገደል እናያለን። ከዚያም ከሞተው ሰው ፊት ላይ ጭምብል ሲገፈፍ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። በ1964 «ጎልድፊንገር» ሲወጣ መክፈቻው ከዋናው ታሪክ ጋር እምብዛም የማይያያዝ፣ ራሱን የቻለ አጭር ተልዕኮ ሆነ። ቦንድ ከውኃ ውስጥ ይወጣል፤ ፈንጂ ያጠምዳል፤ የጠላቂ ልብሱን ሲያወልቅ ከሥሩ ነጭ የግብዣ ኮት ለብሶ ይታያል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓይነት ፊልም የሚሠማራ ዲሬክተር ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከቀደሙት የላቀ ነገር የማሳየት ዕዳ ተሸከመ።

በ1965ቱ «ተንደርቦል» የተመረጠው አዲስ ነገር በጀርባ የሚታዘል የሮኬት መብረሪያ ነበር። ቦንድ በፈረንሳይ አገር ካለው ከአኔ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ተነሥቶ በአየር ያመልጣል። ይህ መሣሪያ የፊልም ማታለያ አልነበረም። ቤል የተባለው የአሜሪካ የአውሮፕላን ኩባንያ መሐንዲስ ዌንደል ሙር ሠርቶት፣ በሚያዝያ ወር 1961 ሰው ታጥቆት ያለ ገመድ በረረበት። አሠራሩ ቀላል ነው። የጠነከረ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በብር ወንፊት ውስጥ ሲያልፍ ወዲያውኑ ይፈራርስና ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሞቅ እንፋሎትና ኦክሲጅን ይሆናል፤ ይህም በሁለት አፈሙዞች ወደ ታች ሲወረወር ሰውየውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ችግሩ ነዳጁ የሚበቃው ለ21 ሰኮንድ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። በራሪው ደግሞ ለፓራሹት በማይመች ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ስለሚሆን፣ ሰዓቱን ከሳተ የሚያድነው ነገር የለም።

ስለ ፊልሙ አሠራር የሚተርኩ ሰዎች በዚህ ላይ አንድ የማልረሳውን ነገር ይጨምራሉ። ተዋናዩ ሾን ኮነሪ ራሱን ሳይሸፍን እንዲታይ ተፈልጎ ነበር፤ ለጀግና የራስ ቁር አያምርም የሚል ሐሳብ ስለ ነበረ ነው። በእርሱ ምትክ የሚበርረው ባለሙያ ግን ያለ ራስ ቁር አልበርርም አለ። ስለዚህ የኮነሪም ምስል ከራስ ቁር ጋር እንደገና ተቀረጸ። እስከ ዛሬ ድረስ ቦንድ በዚያ ትዕይንት ላይ ወደ ሰማይ ከመነሣቱ በፊት የራስ ቁሩን ሲያጠልቅ እናያለን። አንድ ባለሙያ «አይሆንም» በማለቱ የደኅንነት ደንብ ከጀግናው ውበት በላይ ሆነ ማለት ነው። ትዕይንቱም በዚህ ምክንያት ዋጋው አልቀነሰም።

ብዙ ሰዎች ከሁሉ የሚያስበልጡት መክፈቻ ግን የ1977ቱ «የወደደችኝ ሰላይ» ነው። ታሪኩ በኦስትሪያ ተራሮች ላይ እንደ ተፈጸመ ይነገረናል። እውነተኛው ቀረጻ የተካሄደው በካናዳ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ በባፊን ደሴት በሚገኘው በአስጋርድ ተራራ ላይ በ1976 ዓመት ነው። ሪክ ሲልቬስተር የተባለው የበረዶ ሸርታቴ ባለሙያ፣ በፊልም ሰዎች አጠራር ስታንትማን፣ በስኪ ወርዶ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተወረወረ። በአየር ላይ ስኪዎቹን ከእግሩ ፈታ፤ ወደቀ፤ ወደቀ፤ ከዚያም የብሪታንያ ባንዲራ የተሣለበት ፓራሹት ተዘረጋ። በመውደቁ ጊዜ ሙዚቃው ይቋረጣል፤ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው። በቪዲዮ ቤታችን ውስጥ እንኳ በዚያ ቅጽበት የሚያወራ ልጅ አልነበረም።

ይህን ትዕይንት መሐንዲስ ሲመለከተው ሁለት ነገሮችን ያያል። አንደኛው፣ ከተፈታው ስኪ አንዱ በመዘርጋት ላይ ያለውን ፓራሹት ነክቶ ማለፉ ነው። አስተውሎ ለተመለከተ በፊልሙ ላይ ይታያል። ሰውና ስኪ አብረው ከተወረወሩ አብረው ይወድቃሉ፤ የሚለያያቸው የአየሩ ግጭት ብቻ ስለ ሆነ የተፈታ ዕቃ እንደምናስበው ፈጥኖ አይርቅም። ስኪው ጨርቁን አጥፎት ወይም ገመዱን ጠምዝዞት ቢሆን ኖሮ ትዕይንቱ የሞት መዝገብ በሆነ ነበር። ሁለተኛው የካሜራው ነገር ነው። ዝላዩን እንዲቀርጽ የታመነበት ዋናው ካሜራ ሰውየውን ከእይታው አጠፋው፤ ዛሬ ዓለም የሚያየው ሌላው ካሜራ የያዘውን ምስል ነው። ትዕይንቱን የመራው ጆን ግሌን በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ተማምኖ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ነፍሱን ያስያዘበት ዝላይ ባክኖ በቀረ ነበር። እኛ በየጣቢያው ተጠባባቂ ፓምፕ የምንተክለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ለሙያችን ይበልጥ ወደሚቀርበው ምሳሌ ልምጣ። በ1995 የወጣው «ጎልደን አይ» በተለይ ከባድ ዋስ ያስፈልገው ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው የቦንድ ፊልም በ1989 ወጥቶ ስድስት ዓመታት አልፈዋል፤ የምሥራቅና የምዕራብ ቀዝቃዛ ጦርነት አብቅቷል፤ ዋናው ተዋናይም አዲስ ነው። ዲሬክተሩ ማርቲን ካምቤል ፊልሙን የከፈተው በግድብ ነው። ግድቡ በታሪኩ ውስጥ በሶቪየት ኅብረት የሚገኝ ሲሆን፣ በእውነቱ ግን በስዊዘርላንድ ቲቺኖ ክፍለ ግዛት የሚገኘው በ1965 የተጠናቀቀው የቬርዛስካ ግድብ ነው። ቁመቱ 220 ሜትር፣ ቅርጹ እንደ ቅስት የጎበጠ ቀጭን የኮንክሪት ግድግዳ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው የእኛው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ይቆማል። ዌይን ማይክልስ የተባለው ባለሙያ በእግሩ ላይ የላስቲክ ገመድ ታስሮ ከዚያ አናት ላይ በራሱ ዘቅዝቆ ተወረወረ።

የዚህን ዝላይ ባሕርይ ለማየት አንድ ቀላል ስሌት ላቅርብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌነት እኔ የመረጥኋቸው ናቸው። ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በጠቅላላው 200 ሜትር ወርዶ ይቆማል እንበል። ገመዱ ሳይለጠጥ 100 ሜትር ርዝመት ኖሮት የቀረውን 100 ሜትር በመለጠጥ ቢያወርደው፣ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ገመዱ ሰውየውን የሚስብበት ኃይል የራሱን ክብደት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሰውነት ይችለዋል። ገመዱ ግን 180 ሜትር ርዝመት ኖሮት 20 ሜትር ብቻ የሚለጠጥ ቢሆን፣ ኃይሉ ሃያ እጥፍ ይሆናል። ሰውየው መሬት ሳይነካ በገመዱ ይሞታል። የሁለቱም ዝላይ ከፍታ አንድ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ ተመልካች ሁለቱም አንድ ዓይነት ይመስሉታል። ሕይወትንና ሞትን የለየው በምስሉ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ ነፋሱ ሰውየውን ገፍቶ ከኮንክሪቱ ጋር እንዳያላትመው ማሰብ ይጨመራል።

የሚያስገርመው የዚሁ መክፈቻ መጨረሻ ነው። ቦንድ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ከገደል ሲወድቅ በሞተር ብስክሌት ተከትሎት ይዘላል፤ በአየር ላይ ደርሶበት ይገባበታል፤ ቀና አድርጎትም ያመልጣል። ይህን የምሕንድስና ትምህርት የቀመሰ ሰው አይቀበለውም። አፍንጫውን ደፍቶ በሚወርድ ከባድ አውሮፕላን ላይ፣ ከኋላው የተነሣና አየር የሚያግደው ሰው እንዴት ይደርስበታል? ተመልካቹ ግን ተቀበለው፤ አጨበጨበለትም። ለምን ቢሉ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት እውነተኛ ሰው ከእውነተኛ ግድብ ሲወረወር አይቷል። እውነተኛው ዝላይ ለሐሰተኛው ዋስ ሆነለት።

እንዲህ ስል የካሜራ ብልሃትን ማጣጣሌ አይደለም። በ1983ቱ «ኦክቶፐሲ» መክፈቻ ላይ ትንሿ የአክሮስታር ጄት በአንድ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ በአንደኛው በር ገብታ በሌላው ስትወጣ እናያለን። አውሮፕላኗ በመጠለያው ውስጥ አልበረረችም። በአንድ ጃጓር መኪና ላይ በተተከለ ምሰሶ ተሸክመዋት ነው መኪናው የነዳው፤ መኪናውንም ከፊት በቆሙ ሰዎችና ዕቃዎች ጋረዱት። ይህም ቢሆን የተሠራ ነገር ነው። ክብደት አለው፤ ፍጥነት አለው፤ ዓይን ያንን ያውቃል። በሌላ በኩል በ2002 የወጣው «ሌላ ቀን ሙት» መክፈቻው ላይ እንደ ሌርድ ሃሚልተን ያሉ ስመ ጥር የማዕበል ተንሸራታቾች በሃዋይ ታላላቅ ማዕበሎች ላይ ሲወርዱ ያሳየናል። እዚያው ፊልም ውስጥ ወደ ኋላ ደግሞ በኮምፒዩተር በተሣለ ማዕበል ላይ ቦንድ ሲንሸራተት እናያለን፤ ይህም እስከ ዛሬ ከሚነቀፉት ትዕይንቶች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱም ማዕበል ነው፤ ሁለቱም መንሸራተት ነው። የአንደኛው ማዕበል ክብደት ግን በሰው ጉልበት ላይ አርፏል፤ የሌላው በማንም ላይ አላረፈም።

ይህን ትምህርት ሌሎችም አልዘነጉትም። በ2015ቱ የ«ሚሽን ኢምፖሲብል» ፊልም መክፈቻ ላይ ቶም ክሩዝ ከኤርባስ ኤ400ኤም ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ተዋናዩ በእውነት እዚያው ነበር፤ ድርጊቱም ስምንት ጊዜ ተደጋግሟል። በልብሱ ሥር መታጠቂያ ነበረው፤ መታጠቂያው ከአውሮፕላኑ ጋር ተያይዟል፤ የሚያያይዙት ሽቦዎች በኋላ ከምስሉ ላይ በኮምፒዩተር ተሰርዘዋል። ነፋሱ ዓይኑን እንዳይጎዳው ዓይኑን በሙሉ የሚሸፍን ሌንስ አደረጉለት። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰባቸው ግን ከአስፋልቱ ላይ ተፈናጥራ የምትመጣ ትንሽ ጠጠር ወይም አንዲት ወፍ ነበረች። እንግዲህ በልጅነታችን የተከራከርንበት ጥያቄ መልሱ ይኸውላችሁ፤ ሰውየው በእውነት ተንጠልጥሏል፤ ሽቦውም በእውነት ነበረ። «እውነት ነው» ያለውም «ብልሃት አለው» ያለውም ልጅ ትክክል ነበር። ያልገባን ነገር ቢኖር፣ ብልሃቱ ለማታለል ሳይሆን ሰውየው በሕይወት ወደ ቤቱ እንዲመለስ የተሠራ መሆኑ ነው።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፣

ይህን ሁሉ ለመዝናኛ ብቻ አላነሣሁትም። ሥራ በጀመርሁበት በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። የውጭውን ግድግዳ የሚለስኑ ሁለት ሠራተኞች የሚወጡበት፣ ከጣሪያው ላይ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል መድረክ ተዘጋጀ፤ እኔም አስልቼ እንድፈርምበት ታዘዝሁ። የመድረኩን ክብደት፣ የሰዎቹንና የዕቃቸውን ክብደት ደመርሁ፤ ከገመዱ ጥንካሬ ጋር አስተያየሁ፤ በቂ ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቱን ልፈርም ስል፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ ፎርማን አጠገቤ ቆመው ነበርና፣ «ልጄ፣ ነገ አንተም አብረሃቸው ትወጣለህ?» አሉኝ።

«አዎን፣ ጋሼ፣ እወጣለሁ» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያልሁት ስላፈርሁ ነው። ወረቀቱን ግን ሳልፈርም ይዤው ወደ ቤቴ ሄድሁ። ሌሊቱን ስሌቱን እንደገና ስመረምር ጉድለቴን አገኘሁት። የደመርሁት የቆመ ክብደት ብቻ ነበር። መድረኩ በመውረድ ላይ ሳለ ድንገት ሲያዝ የሚፈጠረውን ነውጥ አላሰብሁትም፤ በድንገት ያረፈ ጭነት በዝግታ ከተጫነው እጥፍ ኃይል እንደሚያሳርፍ ግን በክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ገመዱ ይህንንም ይችለው ነበር፤ ጣሪያው ላይ መድረኩን የያዘው ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ግን አይችለውም ነበር። በማግስቱ ሥራው ለግማሽ ቀን ቆመ። ጊዜ ባከነ ተብሎ ብዙ ቁጣ ወረደብኝ። ክብደቱ ከተጨመረ በኋላ መድረኩን በሲሚንቶ ከረጢት ሞልተን፣ ደጋግመን እያወረድን በድንገት በማቆም ፈተነው። ከዚያም ከሁለቱ ሠራተኞች ጋር ወጣሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበረ አልደብቃችሁም።

ያን ቀን ከላይ ሆኜ ወደ ታች ስመለከት ያ የቪዲዮ ቤት ክርክር ትዝ አለኝ። ከሥር በመንገዱ የሚያልፈው ሰው የሚያየው ሦስት ሰዎች በአየር ላይ ተንጠልጥለው ብቻ ነው። ሌሊቱን የተሰረዘውንና እንደገና የተጻፈውን ቁጥር አያይም፤ ማየትም አይገባውም። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ማንም ስለ እርሱ አይጠይቅም። የሚጠየቀው ሲሳሳት ነው።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ለሕዝብ መዝናኛ ሲባል የሰውን ሕይወት ለአደጋ ማቅረብ ተገቢ ነውን? ጥያቄው ከባድ ነው። ለ1981ዱ የቦንድ ፊልም በጣሊያን አገር የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ሠረገላ ትዕይንት ሲቀረጽ አንድ ወጣት ባለሙያ ሞቷል። ያ ትዕይንት መክፈቻ ባይሆንም የሥራው ጠባይ አንድ ነው። ማንም ፊልም ለአንድ ሰው ሞት ካሣ አይሆንም። ስለዚህ እኔ የማደንቀው ድፍረትን ብቻውን አይደለም። ድፍረት ብቻውን የትም አለ፤ በየግንባታው ቦታ ያለ ራስ ቁርና ያለ መታጠቂያ ጠርዝ ላይ የሚሄዱ ወጣቶች ሁሉ ደፋሮች ናቸው። የማደንቀው ድፍረት ከስሌት ጋር ሲጣመር፣ በራሪውም «ያለ ራስ ቁር አልሄድም» ሲል፣ አሳሪውም የገመዱን ልክ ሦስት ጊዜ ሲፈትሽ ነው።

በ«የወደደችኝ ሰላይ» ፊልም የስም ዝርዝር ውስጥ የስኪውን ዝላይ የፈጸመው ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል። ይህ መልካም ነገር ነው። ገመድ የሚያስሩት፣ ነፋስ የሚለኩት፣ ከሸለቆው በታች ሆነው በሬዲዮ «ጠብቅ» የሚሉት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ በተመልካች አይታወቁም። የእኛም ሥራ ከእነርሱ ወገን ነው። በሠራነው ድልድይ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ፣ በገደብነው ውኃ ሥር የሚኖረው ገበሬ፣ ሳያውቀን ሕይወቱን በስሌታችን ላይ አሳርፏል። ዋስ አድርጎ ጠርቶናል ማለት ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ከቤተሰባችሁ ጋር እንዲህ ያለ ፊልም ስትመለከቱ በሰዓቱ ተቀመጡ፤ መክፈቻው እንዳያመልጣችሁ። ልጆቻችሁም «እውነት ዘሎ ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ «አዎን፣ ዘሏል፤ ከመዝለሉ በፊት ግን አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ አድሯል» ብላችሁ ንገሯቸው። ሥራ ቦታ ስትመለሱም፣ አንድ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብላችሁ፣ የእኒያን ፎርማን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።